የበቅሎዋን ልጓም የሚይዝ

«ለተከበራችሁ የሰቆጣ ከተማና የአካባቢዋ ነዋሪዎች በሙሉ። ንብረትነቱ የላይ ሰፈር ዕድር የሆነ የትልቁ ድስት ክዳን ከእሑዱ ሠርግ በኋላ የደረሰበት አልታወቀም። ክዳኑ እጀታው በሽቦ የታሰረ፣ በአንድ ወገኑ ጎበጥ ያለ ነው። ያገኘ፣ ያየ፣ ወይም በሌላ ድስት ላይ ተከድኖ የተመለከተ ወገን ሁሉ ታሪካዊ ኃላፊነቱን እንዲወጣ በጥብቅ እናሳስባለን።»

ባጃጇ ወደ ገበያው የሚወርደውን የድንጋይ ንጣፍ እየተንገጫገጨች ትወርዳለች። ሹፌሩ ደግሰው ፍሬኑን አያምነውም፤ ስለዚህ በሞተሩ እየያዘ ያወርዳታል። ምሳው ከኋላ ወንበር ላይ ማይኩን ከከንፈሩ አስጠግቶ ተቀምጧል። ጣሪያው ላይ በገመድ የታሰሩት ሁለት ድምፅ ማጉያዎች ቃሉን ተቀብለው ከተራራ ተራራ ያላትሙታል።

አያቱ በዚሁ ቁልቁለት ነጋሪት እያስመቱ የጥንቶቹን የዋግ ገዦች፣ የዋግሹሞችን አዋጅ ይነግሩ ነበር። እሱ የድስት ክዳን ያፈላልጋል። ምሳው በሁለቱ መካከል ያን ያህል ልዩነት አይታየውም፤ አያቱም ቢሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ያውጁ የነበረው ስለጠፋ ነገር ነው። የጠፋ ግብር፣ የጠፋ በሬ፣ የጠፋ ገባር።

ጉሮሮውን ጠርጎ ሁለተኛውን ወረቀት አነሣ።

«እንዲሁም የታላቁ የዋግሹሞች ወገን የመጨረሻዋ እመቤት እመይቴ አመተ ሥላሴ፣ ባደረባቸው ሕመም በአዲስ አበባ አርፈው ሥርዓተ ቀብራቸው እዚያው ስለተፈጸመ፣ ነገ ከቅዳሴ በኋላ በሜዳው ላይ በአገሩ ደንብ በቅሏቸው ተጭና...»

እዚህ ላይ ባጃጇ ቀጥ አለች። ምሳው ማይኩን በጥርሱ ነከሰው።

መንገዱ መሐል አንድ ረጅም ሰው ቆሟል። ጥቁር ኮት፣ ጥቁር ሱሪ፣ በላዩ ጥቁር ጥለት ያለው ነጠላ አዘቅዝቆ ለብሷል። የነጠላው የሱቅ እጥፋት ገና አልተዘረጋም። የምሳው ዓይን መጀመሪያ ያረፈው እጥፋቱ ላይ ነው።

«የአያቴን ስም ከድስት ክዳን ኋላ ነው የምታነበው?» አለ ሰውየው። ቁጣ የለበትም፤ እንደ ጨዋታ ነው ያለው። ቢቆጣ ለምሳው ይሻለው ነበር።

«ዕድሩ ቀድሞ መጣ» አለ ምሳው። «አያቴ ያሉት እመይቴን ነው?»

«ዘመነ እባላለሁ። የእመይቴ አመተ ሥላሴ የልጅ ልጅ ነኝ። አንተ የአስለቃሿ የእሜቴ ባንቺ ልጅ ነህ አሉኝ። እናትህን ማግኘት ፈልጌ ነበር።»

ደግሰው ከፊት ሆኖ በአገሬው ቋንቋ፣ በኽምጣንኛ አንድ ነገር አጉረመረመ። ትርጉሙ፣ ይሄኛው ቢያንስ ጫማው ንጹሕ ነው፣ የሚል ነው። ምሳው ሳይስቅ የሰውየውን ፊት ተመለከተ። ሰውየው ምንም አልገባውም። እመይቴ የሚቆጡበትን ቋንቋ የማያውቅ የልጅ ልጅ፣ ሲል አሰበና ይህንንም ከነጠላው እጥፋት አጠገብ አኖረው።

መርዶው ከተነገረ ወዲህ ሰቆጣ ውስጥ የእመይቴ ዘመድ ያልሆነ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። ሥጋ ሻጩ በእናቱ በኩል ይወለዳል። የመናኸሪያው ዘበኛ በአባቱ በኩል ይጠጋል። ከአምደወርቅ የመጣ አንድ ጡረተኛ መምህር፣ እመይቴ ክርስትና ሲነሡ አያቱ ጧፍ ይዘው ነበርና ነገሩ ከዘመድ አይተናነስም ብሎ ሻይ ቤት ውስጥ ሲከራከር ውሏል። ደርግ ግቢያቸውን ሲወርስ ግን እመይቴ አንድ ዘመድ አልነበራቸውም። ያኔ ዋግን ከዳር ዳር ቢያስሱት፣ ስማቸውን እንኳ በደንብ ሰምቻለሁ የሚል ሰው ባልተገኘ።

ምሳው ቦታ ለቀቀለት። «ይግቡ» አለ። «ጉልበትዎን ወደ ጎን ያድርጉት፤ ባትሪው እግርዎ ሥር ነው።»

*

የእመይቴ ግቢ ከከተማው በላይ ባለው ጉብታ ላይ ነው። ትልቁ ቤት ፎቁ ወድቋል፤ ምድር ቤቱና በዙሪያው ያሉት የድንጋይ ክፍሎች ግን ከአብዮቱ ወዲህ የቀበሌ ቤት ሆነው ብዙ ሰው ይኖርባቸዋል። ባንቺ በልጅነቷ እመይቴን ያገለገለችበት ክፍል ውስጥ ባል አግብታ፣ ምሳውን ወልዳ፣ ባሏን ቀብራለች።

አሁን ግቢው ሊታደስ ነው ተብሏል። ወሬውን ያመጣችው ሰላማዊት ናት፤ የባህል ባለሙያዋ። ግቢው ቅርስ ይሆናል፣ እንግዳ ማረፊያ ይሠራበታል፣ ነዋሪዎች «ምቹ አማራጭ ይፈለግላቸዋል»። ምሳው ይህን ዐረፍተ ነገር ራሱ በማይክ ያነበበው ስለሆነ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ አማራጩ አልተገኘም፣ ፈላጊም አልተመደበም። ሥራው ግን የሚጀመረው የቤቱ ወገን አንድ ተወካይ ሲያቀርብ ነው። ያለ ተወካይ ነገሩ ሁሉ ባለበት ይቆማል። ዘመድ ነኝ የሚል ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ስለበዛ ሰላማዊት መላ አገኘች፤ ነገ በለቅሶው ላይ የበቅሎዋን ልጓም የያዘ ሰው ተወካይ ይሆናል። ሰነዷ ላይ ይህን «አገር በቀል የወራሽ ማረጋገጫ ሥርዓት» ብላ ጽፋዋለች።

ደንቡ በእርግጥም የአገሩ ደንብ ነው። የታላቅ ሰው ሬሳ በሌለበት ሲለቀስ በቅሎው ተጭኖ፣ ካባው ኮርቻው ላይ ተደርቦ ሜዳውን ይዞራል። አስለቃሿ ከበቅሎው ፊት ቆማ ዘር ትቆጥራለች። ከላይ ጀምራ ትወርድና መጨረሻ ላይ የሐዘኑን ባለቤት ስሙን ትጠራለች። የተጠራው ወጥቶ ልጓሙን ይይዛል፤ አገሩም እግዜር ያጥናህ ይለዋል። ስም የሚጠራው አንድ ጊዜ ነው። ሳይጠራ የወጣ ሰው ውርደቱ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። በጋዝጊብላ በኩል፣ ቅድመ አያታቸው ሳይጠራ ልጓም ስለያዘ እስከ ዛሬ «ያልተጠሩት» እየተባሉ የሚኖሩ ቤተሰቦች አሉ፤ ልጃቸውን ለመዳር ሩቅ አገር ይሄዳሉ።

እና በዋግ ከባንቺ በቀር የእመይቴን ዘር መቁጠር የሚችል አስለቃሽ የለም።

ባንቺ ደጃፏ ላይ ጥጥ ትፈትላለች። ዘመነ ጎንበስ ብሎ እጇን ሊስም ሲል እጇን ሳትሰጠው ወደ በርጩማው ጠቆመችው።

«ቁጭ በል። የእመይቴ የልጅ ልጅ ነኝ ትላለህ።»

«ነኝ እናቴ።»

«የማን ልጅ?»

«የመንግሥቴ። በአብዮቱ ጊዜ ከእሷ ጋር አዲስ አበባ የወረደው ልጇ።»

«ይህንማ ሥጋ ሻጩም ያውቀዋል» አለች ባንቺ። እንዝርቷ ይሽከረከራል። «እመይቴ ጥርሳቸውን ሲያማቸው ማንን ነበር የሚሳደቡት?»

ምሳው በሩን ተደግፎ የሰውየውን አፍ ጠበቀ። ዘመነ ፊቱ ላይ ፈገግታ መጣበት፤ ከመጣ ወዲህ ያሳየው የመጀመሪያው ሳይታሰብ የመጣ ነገር ነው።

«ቀኛዝማችን» አለ። «ባሏን።»

«ያኔ በሕይወት ነበሩ?»

«ከሞቱ ቆይተዋል። 'ሞተህም አላሳርፍ አልከኝ፣ አንተ ከይሲ' ትላቸው ነበር። ጥርስ በሌላት ጊዜ እንኳ ድዷን ሲያማት እሳቸውን ነበር የምትሰድብ። ልጅ ሆኜ ቀኛዝማች ማለት የበሽታ ስም ይመስለኝ ነበር።»

የባንቺ እንዝርት ቆመ። ሳቀችና ሳቋ መሐል ላይ ሌላ ነገር ሆነ፤ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ምሳው የማያውቀውን ሰው ስድብ ሰምታ እናቱ ስታለቅስ አይቶ አያውቅም። ተጠራጣሪነቱ ግን አልተኛም። አዲስ አበባ ያገለገለቻቸው ሠራተኛ ይህን ልትነግረው ትችላለች፣ አለ በሆዱ። ተከራይ ትችላለች። የጥርስ ሐኪም ይችላል።

ባንቺ ፊቷን ልትታጠብ ወደ ጓሮ ስትሄድ ዘመነ ተነሥቶ ወደ ክፍሉ ገባ። በስልኩ ጣሪያውን ፎቶ አነሣ። ከዚያ ከአንደኛው ግድግዳ ተነሥቶ ወደ ሌላው በሰፊ እርምጃ ተራመደ።

«ምን ይለካሉ?» አለ ምሳው።

«አልጋዋ የት እንደነበር እያሰብኩ ነው። ስትነግረኝ ከመስኮቱ ሥር ነው ትለኝ ነበር።»

«አልጋው ከግድግዳ ግድግዳ ነበር እንዴ?»

ዘመነ ቆመ። ወደ ምሳው ዞረ። «ማንንም ከቤቱ ለማስወጣት አልመጣሁም» አለ።

ምሳው ስለማስወጣት አንድም ቃል አልተናገረም ነበር።

*

ማታ እናትና ልጅ ራት ቀርበዋል።

«ትጠሪዋለሽ?» አለ ምሳው።

«እጠራዋለሁ።»

«እማ፣ ሰላማዊት ያለችውን ሰምተሻል። ልጓሙን ከያዘ ቤቱ ያልቅለታል። ማን እንደሆነ እንኳ አናውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ። ለጥርሳቸው ጨው የማሞቅላቸው እኔ ነበርኩ። ያን ስድብ ከእኔና ከልጃቸው በቀር የሰማ የለም።»

«እሺ፣ ይሁን፣ የልጅ ልጃቸው ነው። ባትጠሪውስ? ዘሩን ቆጥረሽ እመይቴ ላይ አቁሚው። ማን ይጠይቅሻል?»

ባንቺ እጇን ከመሶቡ አነሣች። «ስማኝ። እኔ ለግብር ሰብሳቢ ዋሽቼ አውቃለሁ። ለቆጠራ ዋሽቻለሁ። አንተን ስወልድ ዕድሜዬን ለቄሱ ዋሽቻለሁ። ሙሾ ላይ ግን ዋሽቼ አላውቅም። ለሟች የሚቀርላት ሌላ ምን አለ? መሬቱ ሄደ፣ ብሩ ሄደ፣ ፎቁም ወደቀ። ልጇን ልጇ ነው የሚላት አንድ ሰው ያስፈልጋታል።»

«ቤቱስ?»

«ቤቱን ለእሱ መች ሰጠሁት? ስሙን ነው የምሰጠው።»

«ነገ ሁለቱ አንድ ናቸው» አለ ምሳው። «ይህ ሁሉ ጎረቤት ወዴት ይሂድ? ጸሐይነሽ አልጋ ላይ የዋለ ባሏን ተሸክማ ወዴት ትውጣ?»

ባንቺ መሶቡን ከደነች። ሐሳቧን እንዳልቀየረች ምሳው አውቋል፤ ሐሳቧን ስትቀይር ትጨቃጨቃለች እንጂ መሶብ አትከድንም።

*

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ሜዳው ሞላ። ከጋዝጊብላ ከዋዜማው ተነሥተው በእግር የመጡ ገበሬዎች ነበሩ፤ ከአምደወርቅ በሚኒባስ የመጡ ነበሩ። ካህናቱ ጥላ ዘርግተው ከፊት ቆሙ። ከእነሱ ቀጥሎ ሹማምንቱ ቆሙና ካህናቱ ምን እንደሚሉ ይጠብቁ ጀመር፤ ለቅሶው የባህል መሆኑ ቀርቶ የፖለቲካ እንዳይሆን። ካህናቱ ደግሞ ሹማምንቱን ይጠብቃሉ። ገበሬዎቹ ሁለቱንም ይጠብቃሉ፤ ርስት ይመለስ የሚል ቃል ከማን አፍ እንደሚወጣ። ጥቁር መነጽር ያደረገውን ሁሉ ሕዝቡ በጥርጣሬ ያየዋል፤ ወይ ከልቡ አልቅሷል ወይ ደኅንነት ነው። አያቱ ለዚህ ቤት የግብር ማር ሲሰፍሩ ጀርባቸው የጎበጠበት አንድ ሽማግሌ ደረቱን እየመታ ያለቅሳል፤ ልጁ «አባባ ለእሳቸው ነው ወይስ ለማሩ?» ሲለው፣ «ዝም በል፣ አልቅሼ ልጨርስ» አለው።

በቅሎዋ ገባች። ከመናኸሪያ ጀርባ ጭነት የምታመላልስ በቅሎ ናት፤ ዛሬ ግን ከደብሩ ዕቃ ቤት የወጣ የክብር ልብስ፣ ግላስ ለብሳ፣ በአንገቷ የብር ቃጭል ታስሮላት፣ ኮርቻው ላይ ወርቀ ዘቦው የነተበ ካባ ተደርቦላት ባለቤቷ ይስባታል። ልጓሙን የያዘው በሁለት ጣቱ ነው፤ የእሱ እንዳልሆነ እንዲታወቅለት።

ምሳው ባጃጇን ከሜዳው ዳር አቁሞ ማጉያው አጠገብ ተቀምጧል። ድሮ የባንቺ ድምፅ ሜዳውን ብቻውን ይሞላው ነበር፤ አሁን ደረቷን ስለሚያማት ማይክ ይዛለች። የማይኩ ሽቦ እየተጠማዘዘ ከእናቱ እጅ ወደ ምሳው ጉልበት ይመጣል።

ዘመነ ከበቅሎዋ ኋላ ከወንዶቹ መካከል ቆሟል። እጆቹን አጣምሮ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሏል። ካሜራ ያነጣጠሩበት ወጣቶች ቀና እንዲል ቢጠብቁም አላለም። ጥሩ ይተውናል፣ አለ ምሳው በሆዱ።

ባንቺ ሙሾ አወረደች።

በቅሎዋ ተጭና ሜዳ ትዞራለች፤
እመይቴን አውርዳ የት ጥላት መጥታለች።

ሴቶቹ ጮኹ። ከበሮው ተመታ። ባንቺ ክቡን አንድ ጊዜ ቃኘችና ቀጠለች።

ጌትነት ቢቀርም ለቅሶው መቼ ቀረ፤
ገባሩም ዘመድ ነኝ ብሎ ተሰደረ።

እያለቀሱ የሳቁ ነበሩ፤ ሥጋ ሻጩ ከፊት መስመር ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ከዚያ ባንቺ ዘር መቁጠር ጀመረች። ከዋግሹሞቹ ተነሣች፤ ወደ ፊታውራሪው ወረደች፤ ወደ እመይቴ አባት፤ ወደ እመይቴ። ድምፅ ማጉያዎቹ እያንዳንዱን ስም ተቀብለው ወደ ተራራው ላኩት። ሴቶቹ በየስሙ ደረታቸውን እየመቱ ጮኹ። ወደ መንግሥቴ ወረደች። ሰላማዊት እስክሪብቶዋን አዘጋጀች። ባንቺ ትንፋሽ ሳበች።

ምሳው በአውራ ጣቱ የማጉያውን ማብሪያ ማጥፊያ ተጫነ።

ቀንዳሞቹ ማጉያዎች ቀጭ አሉና ዝም አሉ። የባንቺ አፍ ተንቀሳቀሰ። ቅርቧ ያሉት ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ ስለነበር ከራሳቸው ጩኸት ሌላ የሰሙት የለም። ምሳው ግን ዕድሜውን በሙሉ ያየውን አፍ ከሩቅ ያነበዋል። ዘመነ፣ አለች። አንድ ጊዜ። ከዚያ ወደ ማይኩ ተመለከተች፤ ሽቦውን በዓይኗ ተከትላ ልጇ ጋ ደረሰች፤ እዚያው ቆየች።

ሜዳው ጠበቀ። ዘመነ ቀና አለ። የባንቺን የተዘጋ አፍ አየ፤ እርስ በርስ የሚንሾካሾኩ ሴቶችን አየ፤ ዝም ያሉትን ማጉያዎች አየ። ከልጓሙ ጋር ያለው ርቀት ጥቂት እርምጃ ነው። ማንም ቢሆን ሊራመደው ይችል ነበር፤ ግማሹ ሕዝብ ተጠርቷል ብሎ ያምን ነበር፣ ሌላው ግማሽ እርግጠኛ ስላልሆነ ዝም ይል ነበር። የባለበቅሎው ጣቶች ልጓሙን ሊለቁ ላልተው ነበር። ምሳው ውጣ አለ በሆዱ። ውጣና አስመሳይ መሆንህን ልወቅ።

ዘመነ ነጠላውን አስተካከለና ባለበት ቆመ። ስሙን አልሰማምና አልወጣም። እመይቴ ካሳደጉት ሰው በቀር በዚያ ሰዓት ያን ጥቂት እርምጃ የሚተው ሰው በዋግ እንደሌለ ምሳው ያኔ ገባው። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ሊያገኝ አይችልም ነበር፤ ያገኘውም በጣም ዘግይቶ ነው።

አውራ ጣቱን አነሣ። ማጉያዎቹ የእናቱን ትንፋሽ ብቻ ይዘው ተመለሱ። ባንቺ ስሙን አልደገመችም፤ አይደገምም። ማይኩን ለአንዲት ሴት ሰጥታ ነጠላዋን አገለደመች። ባለበቅሎው በቅሎዋን እየሳበ ከሜዳው አወጣት።

*

ለቅሶው ሳይበተን ክርክሩ ተጀመረ። ተጠርቷል፣ አልተጠራም። አንዱ በጆሮዬ ሰማሁ አለ፤ ሌላው አንተ ጆሮህ መስማት የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው አለው። ሰላማዊት ወረቀቷን ደረቷ ላይ አስደግፋ ወደ ባጃጇ መጣች።

«ምሳው፣ ባትሪው ነው?»

ምሳው ሽቦ ይጠቀልላል።

«ከላይ የታዘዘ ነገር አለ? ንገረኝ፤ እኔ ማወቅ አለብኝ።»

«የለም።»

«እንግዲህ ልጓም የያዘ የለም፣ ተወካይ የለም ብዬ ነው የማስተላልፈው። ሥራው ይቆማል። ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል።»

በዓይኗ መርምራው ሄደች። ጸሐይነሽ ከሩቅ ሆና እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ ታመሰግናለች፤ ማንን እንደምታመሰግን ግን የምታውቅ አትመስልም። ባንቺ በባጃጇ አጠገብ አለፈች። ደግሰው በሩን ከፍቶ «እሜቴ፣ ይግቡ፣ ዳገት ነው» አላት። ልጇን አላየችውም። ዳገቱን በእግሯ ያዘችው።

ዘመነ የመጣው ሰው ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ነጠላው አቧራ ጠጥቶ እጥፋቱ ጠፍቷል። ድምፅ ማጉያዎቹን ቀና ብሎ አያቸው፤ ከዚያ ምሳውን አየው።

«ልጓሙን አይደለም የምጠይቅህ» አለ። «እሱ አልፏል፤ ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። እንዲያው ለራሴ ማወቅ ፈልጌ ነው። እናትህ ስሜን ጠርተዋል?»

ምሳው የተጠቀለለውን ሽቦ ባጃጇ ውስጥ አስቀመጠ። እጁን ሲያነሣ ጥቅሉ ተፈታበት፤ እንደገና ጠቀለለው። አዎ ቢል ነገሩ ሰላማዊት ጆሮ ይደርሳል፤ አልጠራችህም ቢል የእናቱን ሙሾ ውሸት ያደርገዋል።

«አልናገርም» አለ።

«ድምፁን ያጠፋኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ለምን እንደሆነም አልናገርም።»

ምሳው ከፊት ወንበር ደግሰው አጠገብ ገባ።

«ንዳ» አለው።

«ሰውየው እኮ ቆሟል» አለ ደግሰው። «ቢያንስ ምክንያቱን ንገረው።»

«አልነግረውም አልኩህ። ንዳ።»